መንጋጋን በልክ ማቅናት፦ ከጀሶ ቅርጽ ወደ ኮምፒዩተር ስሌት

የሰው መንጋጋ ሁልጊዜ በልክ አያድግም። የአንዱ ሰው የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ ይወጣና አገጩ ወደ ፊት ይሾላል፤ የሌላው ወደ ኋላ ይቀርና አገጩ ከአንገቱ ጋር የተዋሃደ ይመስላል፤ የሌላው ደግሞ አንደኛው ጎን ከሁለተኛው በልጦ ስለሚያድግ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የላይና የታች ጥርሱ ስለማይገናኝ ቆሎ ማድቀቅ የሚያቅተው፣ ድምፆችን አጥርቶ ማውጣት የሚያስቸግረው፣ ሲተኛም የአየር መተላለፊያው እየጠበበ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው አለ። አጥንቱን ቆርጦ፣ አንቀሳቅሶና መልሶ አጽንቶ ይህን ጉድለት የሚያቃናው ሕክምና ከተጀመረ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮምፒዩተር ወደዚህ ሥራ የገባው ግን በቅርቡ ነው። ለምን ዘገየ? ሲመጣስ የትኛውን ችግር ፈታ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መተረክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በእሳት ቃጠሎ ነው። በ1849 በአሜሪካ፣ ያን ጊዜ በቨርጂኒያ ግዛት ሥር በነበረችው በዊሊንግ ከተማ ይሠራ የነበረ ሳይመን ሁሊሄን የተባለ ሐኪም ስለ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ሕክምና ጽፎ አሳተመ። ወጣቷ በልጅነቷ በእሳት ተቃጥላ ነበር። የአንገቷ ጠባሳ ለዓመታት እየተኮማተረ ጭንቅላቷን ወደ ታች ሲስብ፣ በማደግ ላይ የነበረው የታችኛው መንጋጋዋ ረዝሞና ተጣሞ ቀረ። ሁሊሄን ከአጥንቱ ላይ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ አውጥቶ ወደ ፊት የሄደውን ክፍል ወደ ኋላ መለሰው፤ ቀጥሎም ጠባሳውን ፈትቶ ቦታውን በቆዳ ሸፈነ። መንጋጋን ለማቅናት ተብሎ የተደረገና በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይህ ነው። ራጅ ከመገኘቱ 46 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሦስቱ ሥራዎች

ይህን ሕክምና ለመረዳት ሥራውን በሦስት መክፈል ይበጃል፦ አጥንቱን መቁረጥ፣ በተፈለገው ቦታ ማስቀመጥና እስኪድን ድረስ እዚያው ማጽናት። ከሦስቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በሃያኛው መቶ ዘመን ውስጥ ጥሩ መልስ አገኙ። መካከለኛው ግን፣ ላይ ላዩን ሲታይ ከሁሉም ቀላል የሚመስለው፣ ከሁሉም በላይ ዘግይቶ ተፈታ። ኮምፒዩተሩ የመጣው ለእርሱ ነው።

በ1897 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ቪልሬይ ብሌር የተባለ ቀዶ ሐኪም ወደ ፊት የወጣን የታችኛ መንጋጋ ከሁለቱም ጎን ቆርጦ ወደ ኋላ መለሰ። ዘመናዊው ጥርስን የማቃናት ሕክምና አባት የሚባለው ኤድዋርድ አንግልም በዚያው ከተማ ይኖር ነበርና በማግስቱ ዓመት ስለዚህ ዓይነቱ ሕክምና ጻፈ። ጥርስ የሚያቃናው ሐኪምና አጥንት የሚቆርጠው ሐኪም ተባብረው መሥራት አለባቸው የሚለው ሐሳብ ሥር የሰደደው እዚያ ነው። አንግል በመጽሐፉ ውስጥ የፍጹም ፊት ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው በቫቲካን የሚገኘውን የአፖሎን ሐውልት ነበር። የሴንት ሉዊስ የሥዕል መምህር የነበረው ኤድመንድ ቩርፕል ግን ለሰው ሁሉ ፊት የሚያገለግል አንድ የውበት ቀመር ሊኖር እንደማይችል ነገረው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያቆየው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመቁረጡን ጥበብ ወደ ፊት ያራመዱት አውሮፓውያን ናቸው። በ1901 ፈረንሳዊው ረኔ ለ ፎር በሊል ከተማ የአስከሬን ራሶችን በልዩ ልዩ መንገድ እየመታ፣ የፊት አጥንት ሲሰበር በዘፈቀደ ሳይሆን በተወሰኑ ደካማ መስመሮች እንደሚለያይ አሳየ። ከመስመሮቹ ዝቅተኛው ከላይኛው ጥርሶች ሥር ከፍ ብሎ፣ ከአፍንጫው ወለል አጠገብ የሚያልፈው ነው። ለአደጋ ጥናት የታሰበው መስመር ውሎ አድሮ ለቀዶ ሐኪሞች የመቁረጫ ካርታ ሆናቸው። ጀርመናዊው ማርቲን ቫስሙንድ በ1927 በዚሁ መስመር የላይኛውን መንጋጋ ቆረጠ።

ትልቁ እርምጃ ግን የመጣው ከኦስትሪያ ነው። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። አጥንቱን በቁሙ ቢቆርጡት ነርቩ አብሮ ይቆረጣል፤ የተቆረጡት ጫፎችም በጥቂቱ ብቻ ስለሚነካኩ መዳኑ ያስቸግራል። ሁጎ ኦብቬገዘር በግራዝ ከተማ በ1953 ይህን ለማስቀረት የመንጋጋውን የኋላ ክፍል በአፍ ውስጥ ገብቶ በርዝመቱ ሰነጠቀው፤ እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አንዱን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ አደረገው ማለት ነው። ሁለቱ ገጾች እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ መንጋጋው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲሄድ አጥንት ከአጥንት ጋር በሰፊው እንደተገናኘ ይቆያል፤ ነርቩም ሳይቆረጥ የመትረፍ ዕድል ያገኛል። ከመምህሩ ከሪቻርድ ትራውነር ጋር በ1957 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ጊዜ ዘዴው ለዓለም ተዳረሰ። ኦብቬገዘር በዚህ ብቻ አልቆመም፤ በ1970 አካባቢ ሁለቱንም መንጋጋዎች በአንድ ቀዶ ሕክምና ማንቀሳቀስ ጀመረ። አሜሪካዊው ዊልያም ቤል ደግሞ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅሉ ተነጥሎ ቢወርድም ከላንቃውና ከድዱ ሥጋ በሚደርሰው ደም ሕይወት እንደሚኖረው አረጋገጠ።

ሦስተኛውን ሥራ፣ ማጽናቱን፣ በአጭሩ እንለፈው። ቀድሞ የታካሚው የላይና የታች ጥርስ ለሳምንታት በሽቦ ይታሰር ነበር፤ ምግቡም በቀጭኑ የሚጠጣ ብቻ ነበር። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ የተሠሩት ትንንሽ የብረት ዝርጎችና ብሎኖች ይህን እስራት አሳጠሩት።

የጀሶው ዘመን

አሁን ወደ መካከለኛው ሥራ እንምጣ። ሁለቱም መንጋጋዎች በአንድ ቀን ሲቆረጡ ሐኪሙ መለኪያ ያጣል። አንዱ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያልተነካው ለሌላው መሪ ይሆናል፤ ሁለቱም ሲላቀቁ ግን የላይኛው መንጋጋ የት ጋ መቆም እንዳለበት የሚናገር ነገር በአፍ ውስጥ አይገኝም። ታካሚው ሰመመን ወስዶ በጀርባው ተኝቷል፤ ፊቱ አብጧል፤ በአፍንጫው የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ከንፈሩን ቅርጽ አሳጥቶታል። በዚህ ሁኔታ በዓይን ግምት ልክን መወሰን አይቻልም።

ስለዚህ ሥራው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጀሶ ላይ ይሠራ ነበር። የታካሚው ጥርሶች ቅርጽ ይወሰዳል፤ ጀሶ ይፈስበታል። በጆሮና በአፍንጫ ድልድይ ላይ በሚያርፍ ቅስት መሣሪያ የላይኛው መንጋጋ ከራስ ቅሉ ጋር ያለው ዝምድና ተለክቶ፣ ጀሶው የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመስል ማጠፊያ ባለው መሣሪያ ላይ ይተከላል። ከጎን በተነሣ ራጅ ላይ ሐኪሙ በእርሳስና በስስ ወረቀት የአጥንቱን መስመር ይቀዳል፤ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጦ እያንሸራተተ አዲሱን ቦታ ይፈልጋል። ያገኘውን ሚሊሜትር ወደ ጀሶው ያስተላልፋል፤ ጀሶውን በመጋዝ ይቆርጣል፣ ያንቀሳቅሳል፣ በሰም ያጣብቃል። በመጨረሻም በላይና በታች ጥርሶች መካከል የሚገባ ስስ የፕላስቲክ ማገጣጠሚያ ይሠራል። ቀዶ ሐኪሙ ይዞት የሚገባው ይህን ማገጣጠሚያ ነው፤ የሳምንታት ዕቅድ ሁሉ በእርሱ ውስጥ ተጠቃሏል።

እነዚህን የጀሶ ባለሙያዎች አቅልሎ ማየት ተገቢ አይደለም። ብዙ ሰዎች በእነርሱ ሥራ ድነዋል፤ ዛሬም በብዙ አገሮች በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ችግሩ የእጅ ጉድለት ሳይሆን የሰንሰለቱ ርዝመት ነበር። ቅርጽ ሲወሰድ ትንሽ ስሕተት ይገባል፤ በቅስቱ ልኬት ሌላ፤ በመትከሉ ሌላ፤ በመጋዙ ሌላ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ኤሊስና ባልደረቦቹ በ1990ና በ1992 ባሳተሟቸው ጥናቶች ስሕተቱ የት የት እንደሚገባ አሳዩ። ቅስቱ የላይኛውን መንጋጋ ዘንበል አድርጎ ከተከለው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ስሕተት ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመንጋጋው መገጣጠሚያ እስከ ፊት ጥርስ ያለው ርቀት 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከመገጣጠሚያው አጠገብ የ1 ዲግሪ ስሕተት ቢገባ በፊት ጥርሱ ላይ 1.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ጀሶው ደግሞ ከጥርስ በቀር ምንም አያውቅም። አገጭ የለውም፤ ነርቭ የለውም፤ ጉንጭ የለውም። የጎን ራጁም በበኩሉ የፊትን ሁለት ጎኖች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ስለሚያሳይ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ለዞረበት ታካሚ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ከኬፕ ታውን እስከ ሴንት ሉዊስ

መፍትሔው ከጥርስ ሐኪሞች አልመጣም። አንደኛው ምንጭ በአህጉራችን በአፍሪካ ነበር። በጆሃንስበርግ የተወለደው የፊዚክስ መምህር አለን ኮርማክ በ1956 በኬፕ ታውን በግሩት ስኩር ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ያህል ይሠራ ነበር፤ ሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያው ስለለቀቀ እርሱ እንዲተካ ተጠይቆ ነው። በዚያ የጨረር ሕክምና ሲታቀድ የሰው ገላ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቁስ እንደሆነ ተቆጥሮ እንደሚሰላ አየ። አጥንት፣ ሥጋና አየር ጨረርን እኩል እንደማያስቀሩ ግን ግልጽ ነው። ጨረርን ከብዙ አቅጣጫ አሳልፎ በውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ነጥብ ጥግግት በሒሳብ ማወቅ እንደሚቻል አሰበና በ1957 በእንጨት በተከበበ የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ሞከረው። ውጤቱ መካከሉ ላይ ጥቂት ወጣ ያለ ነገር አሳየው። ዘንጉን የሠራውን ባለሙያ ሲጠይቅ፣ መካከሉ ላይ ከቀረው ጥቂት የተለየ አሉሚኒየም ገብቶበት ኖሯል። ሒሳቡ ሠሪው ብቻ የሚያውቀውን ምሥጢር ሳይቆርጥ አገኘው። ኮርማክ ሥራውን በ1963ና በ1964 ቢያሳትመውም ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በእንግሊዝ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የኮርማክን ሥራ ሳያውቅ በራሱ መንገድ መሣሪያውን ሠራ፤ በጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያው ታካሚ ራስ በሲቲ ስካን ተነሣ። ሁለቱ ሰዎች በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሲቲ ስካን ግን ገላን እንደ ዳቦ ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ቁራጮቹን ደርድሮ ሙሉውን የራስ ቅል በስክሪን ላይ ማቆም ሌላ ሥራ ይጠይቅ ነበር። ይህን ቀድመው ካደረጉት መካከል ሦስቱ የሠሩት፣ ነገሩ ገጠመኝ ቢሆንም ደስ ይላል፣ ብሌርና አንግል በኖሩባት በሴንት ሉዊስ ነው። የራጅ ሐኪሙ ማይክል ቫኒየርና ቀዶ ሐኪሙ ጄፍሪ ማርሽ በማክዶኔል የአውሮፕላን ኩባንያ ይሠራ ከነበረው ከጄምስ ዋረን ጋር ሆነው ሥራቸውን በ1983 አሳተሙ። የአውሮፕላንን ገላ በስክሪን ላይ ለመንደፍ የበለጸገው ጥበብ የተጣመመ የሕፃን ራስ ቅልን ለመመርመር ዋለ። በ1986 ኮርት ከቲንግና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ አጥንቱን በኮምፒዩተር ቆርጦና አንቀሳቅሶ ማቀድን አቀረቡ። የአቪየሽን ዘመዳቸው በቃላቸውም ቀርቷል፤ ከ2007 ወዲህ ሐኪሞች የመንጋጋን መዞር ሲገልጹ አብራሪዎች የአውሮፕላንን አፍንጫ መነሣትና መውረድ፣ የክንፉን ማዘንበልና ወደ ጎን መዞሩን የሚገልጹባቸውን ሦስት ቃላት ይጠቀማሉ።

ከስክሪን ወደ አጥንት

ታዲያ የራስ ቅሉን በስክሪን ማየት ከተቻለ ሥራው አልቀም? አላለቀም። ሁለት እንቅፋቶች ነበሩ። አንደኛው ጥርስ ነው። የታካሚው ጥርስ ሽቦ ታስሮበታል፤ ብረት ደግሞ በሲቲ ስካን ምስል ላይ እንደ ኮከብ ጨረር ይበተንና የጥርሱን ጠርዝ ያደበዝዛል። ማገጣጠሚያው በልክ የሚገጥመው ግን ጥርሱ በጥራት ሲታይ ነው። ጃይሜ ጋቴኖና ጄምስ ሺያ በሂዩስተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ያቀረቡት መልስ፣ የጥርሱን ጀሶ ለብቻው በጨረር አንብቦ በራስ ቅሉ ምስል ላይ በደበዘዙት ጥርሶች ፋንታ መተካት ነበር። ጀሶው ወዲያው አልተሰናበተም ማለት ነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ገባ እንጂ። ዛሬ በአፍ ውስጥ የሚዞር ትንሽ ካሜራ ያንኑ ሥራ ያለ ጀሶ ይሠራል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በጣሊያንና በጃፓን የበለጸገው አነስተኛ የጨረር መጠን የሚጠቀም የመንጋጋ ስካነርም ምርመራውን ወደ ጥርስ ክሊኒክ አቀረበው።

ሁለተኛው እንቅፋት ስክሪኑ ላይ ያለውን ዕቅድ ወደ ቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ማውረድ ነው። ቻርልስ ሃል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1984 የፓተንት ጥያቄ ያቀረበበት፣ በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽን በስስ ንብርብር እየገነባ ቅርጽ የሚሠራው ማተሚያ ለዚህ ደረሰ። ማገጣጠሚያው ከኮምፒዩተሩ በቀጥታ ታትሞ ይወጣል፤ በመካከል ጀሶ የሚቆርጥ እጅ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግምት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «በኮምፒዩተር የሚመራ ቀዶ ሕክምና» ሲባል መጋዙን የያዘ ሮቦት ይታየዋል። በተለመደው አሠራር መጋዙን የሚይዘው አሁንም ሰው ነው። ኮምፒዩተሩ ያደረገው ዕቅዱ ከሐኪሙ ሐሳብ እስከ ታካሚው አጥንት ሲጓዝ በየመንገዱ የሚንጠባጠበውን ልክ መጠበቅ ነው። በ2013 የታተመ፣ በሦስት ማእከሎች በ65 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በታቀደውና በተገኘው የመንጋጋ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1 ሚሊሜትር ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ሐኪሞች በተለምዶ የሚታገሡት እስከ 2 ሚሊሜትርና እስከ 4 ዲግሪ ነው። በዚያው ጥናት አገጩ በታተመ መሪ ሲቆረጥ ከዕቅዱ ጋር ተስማማ፤ መሪ ሳይኖር በእጅ ሲቆረጥ ግን ልዩነቱ ሰፋ።

ሆኖም ማገጣጠሚያው የቱንም ያህል በጥራት ቢታተም አንድ የቀድሞ ድካም ወርሷል፦ የላይኛውን መንጋጋ የሚያስቀምጠው በታችኛው ላይ ተደግፎ ነው። ታካሚው በሰመመን ጡንቻው ሲላላ የታችኛው መንጋጋ መገጣጠሚያ ከጎድጓዳው ጥቂት ከወጣ፣ የላይኛው መንጋጋ በልክ የተሳሳተ ቦታ ይቆማል። ከዚህ ለመላቀቅ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው የመሣሪያውን ቦታ በካሜራ እየተከታተለ በስክሪን የሚያሳይ መሪ ነው። ሁለተኛውን በቦሎኛ የሚገኙ ሐኪሞች በ2015 አሳተሙት፤ የመቁረጫው መሪና የቲታኒየሙ ዝርግ ለዚያ አንድ ታካሚ ብቻ ተነድፈው ይሠራሉ። መሪው አጥንቱ ላይ ያርፋል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች አጥንቱ ሳይቆረጥ ይበሳሉ፤ ዝርጉ በእነዚያው ቀዳዳዎች ሲታሰር የላይኛው መንጋጋ ወደ ታቀደለት ቦታ ይሄዳል። ማስቀመጥና ማጽናት፣ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች፣ በአንድ ብረት ተገናኙ።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ነጻ ፕሮግራሞች መኖራቸው ግን አንዱን በር ከፍቷል፤ በ1998 በቦስተን እንደ ተማሪ ጥናት የተጀመረው ስሪዲ ስላይሰር ዛሬ ለማንም ያለ ክፍያ የሚሰጥና የራስ ቅልን ከሲቲ ስካን ለማውጣት የሚያገለግል ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞች እንዲህ ዓይነቱ መንገድ ከውድ ኩባንያዎች አገልግሎት ይልቅ ቅርብ ይመስለኛል።

የማን ልክ?

ኮምፒዩተሩ አጥንቱን በታቀደው ቦታ ማስቀመጥን አቀለለ። የትኛው ቦታ ነው ትክክሉ የሚለውን ግን አይመልስም፤ ልኩን የሚሰጡት ሰዎች ናቸው። የፊትን ልኬት በራጅ የመለካት ጥበብ በ1931 በክሊቭላንድ በሆሊ ብሮድቤንት፣ በጀርመንም በሆፍራት ተጀመረ። በ1948 ዊልያም ዳውንስ «ጤናማ» የሚባለውን ልክ ሲያወጣ የመረጣቸው 20 ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17፣ ጥርሳቸውም እጅግ ያማረ። ቁጥሮቹ በመላው ዓለም ተሠራባቸው። በ1951 ኮተን፣ ታካኖና ዎንግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የዳውንስን ልክ በጥቁር አሜሪካውያን፣ በጃፓን ዝርያና በቻይና ዝርያ አሜሪካውያን ላይ ሲሞክሩት ቁጥሮቹ አልገጠሙም። ጥርሱ ያማረ፣ ማኘኩ ያልተጓደለ ጥቁር ሰው በዳውንስ ቁጥር ሲለካ አፉ «ከመጠን በላይ የወጣ» ሆኖ ተገኘ። ቩርፕል ለአንግል የነገረው በቁጥር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጁን ይዞ በስክሪኑ ፊት ሲቀመጥ፣ ፕሮግራሙ የልጁን ፊት ከአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። ሠንጠረዡ ከማን ፊት እንደተወሰደ መጠየቅ የወላጅም የሐኪምም መብት ነው። ሲስቁ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ድድ መታየቱ በዚህ ሕክምና መጻሕፍት እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ የላይኛውን መንጋጋ ወደ ላይ ለማንሣትም አንዱ ምክንያት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ግን እናቶቻችንና አያቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ የተነቀሱት ሲስቁ እንዲታይ ነበር። ፍንጭት ጥርስም በእኛ ዘንድ የቁንጅና ምልክት ሆኖ ሲወደስ ኖሯል፤ ጥርስ በሚያቃናው ሐኪም ዕቅድ ላይ ግን የሚዘጋ ክፍተት ነው። ማኘክና መተንፈስ የተሳነውን ሰው ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ጤናማውን ፊት ወደ ሌላ ሰው ልክ መጎተት ሌላ ነው። ሁለቱም በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ዓይነት ጥራት ይታቀዳሉ፤ ማሽኑ አይለያቸውም።

ፊቱ ወደ አንድ ጎን ለዞረ ሰው ኮምፒዩተሩ የተሻለ መፍትሔ አለው። ጤናማውን ጎን እንደ መስታወት ገልብጦ በተጣመመው ጎን ላይ ያሳርፍና ታካሚው ራሱ ለራሱ ልክ ይሆናል። ለዚህ የሌላ ሰው ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ላለው ልክ ግን የሚገለበጥ ሌላ ጎን የለም፤ እዚያ ላይ አንዳንድ ሐኪሞች ታካሚውን የወላጆቹንና የእኅት ወንድሞቹን ፎቶግራፍ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁታል።